ዋስ የሌለው ሰው
ስደተኞችን ስለሚያሳዩ የወንጀል ምርመራ ፊልሞች በራዲዮ የተሰጠ ንግግር



በቀድሞው ዘመን በገጠር አንድ ወንጀል ተሠርቶ አድራጊው የተሰወረ እንደ ሆነ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። በሌላው አውራጃ አፈርሳታ ይባላል። ገበሬው እርሻውን፣ ነጋዴው ገበያውን ትቶ ይውላል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ጉባኤው አይፈታም። ይህ ሥርዐት ሊሠራ የቻለው ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ በመሆኑ ነው። እገሌ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ትናንት ማታ ከየት እንደ መጣ፣ ከማን ጋር ጠብ እንደ ነበረው ጎረቤቱ ያውቃል። የተጠረጠረውም ሰው ‹‹ዋስ ጥራ›› ሲባል፣ አጎቱ ወይም የክርስትና አባቱ ከሕዝቡ መካከል ብድግ ብሎ ‹‹እኔ አለሁ›› ይላል።

እንደ ለንደንና እንደ ፓሪስ ባለው ታላቅ ከተማ ግን አውጫጭኝ የሚቀመጥ የለም። አንዱ የሌላውን ስም እንኳ አያውቅም። ስለዚህ የሕዝቡን ሁሉ ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራዋል፤ እርሱም ካፖርቱን ደርቦ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከበር ወደ በር እየዞረ የሚጠይቀው መርማሪ ነው። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድና ከእርሱም በኋላ የመጣው ፊልም በታላላቅ ከተሞች ውስጥ የተወደደው ስለዚህ ይመስለናል።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ከተማ ውስጥ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን አገርም የሌለው ሰው ሲገባ ምን ይሆናል? ዛሬ ለመናገር ያሰብነው ስለዚሁ ነው። ስለ ስደተኛ የሚናገሩ ፊልሞች ብዙዎች ናቸው፤ የሚበዙትም የሚያሳዝኑ ናቸው፤ ተመልካቹ አልቅሶ ይወጣል፣ በማግሥቱም ይረሳዋል። የምርመራና የልብ አንጠልጣይ ፊልም ግን ከማስለቀስ ይልቅ ያጠያይቃል። ‹‹ይህ ሰው ማን ነው? የሚናገረው እውነት ነውን? ያየውንስ ስለ ምን አይመሰክርም?›› እያለ ተመልካቹ ራሱ መርማሪ እንዲሆን ያስገድደዋል። በእኛ አስተያየት ስለ ስደተኛ ኑሮ ለመናገር ከዚህ የተሻለ የፊልም ዓይነት አልተገኘም። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አገር የሌለው ሰው ዋሱ ወረቀት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነትና ከሩሲያ አብዮት በኋላ ዜግነታቸው የተሰረዘባቸው እጅግ ብዙ ሰዎች በአውሮፓ ሲንከራተቱ፣ የመንግሥታት ማኅበር የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሲዮኔር የነበረው ኖርዌጃዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1922 የናንሰን ፓስፖርት የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት አስገኘላቸው። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ደግሞ በ1951 በጄኔቭ የተፈረመው ውል ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አስተያየቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ክፍል አባል በመሆኑ ምክንያት መከራ ይደርስብኛል ብሎ በቂ ምክንያት ባለው ፍርሃት ከአገሩ ውጭ የሚኖር ሰው ነው ሲል ወሰነ። በሴፕቴምበር 10 ቀን 1969 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ የፈረሙት ውል ይህን ትርጕም አስፋፍቶ፣ የውጭ ወረራና የአገር ጸጥታ መደፍረስ ያፈናቀለውንም ሰው ጨመረበት።

ቃሉ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፍርሃት በምን ይመሰከራል? ያሰረው ሹም የእስራት ደረሰኝ አልሰጠውም፤ ቤቱን ያቃጠለው ወታደር ፊርማውን ትቶለት አልሄደም። ስለዚህ ስደተኛው ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀምጦ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ ይናገራል፤ ጠያቂው የመጀመሪያውን ቃል ከሁለተኛው ጋር ያስተያያል፤ ቀኑ ቢዛነፍ፣ የመንደሩ ስም ቢለዋወጥ ጥርጣሬ ይገባዋል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት በ1979 ያወጣው የሥራ መመሪያ፣ ስደተኛው የሚቻለውን ሁሉ በቅንነት ካስረዳ በኋላ ማስረጃ ያልተገኘለት ነገር ቢቀር ጥርጣሬው ለእርሱ ጥቅም ይተርጐም ይላል። የሚባለውና የሚደረገው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ያም ሆነ ይህ፣ በዚህ ምርመራ ውስጥ የሚጠየቀው ወንጀል የሠራው ሰው ሳይሆን ወንጀል የተሠራበት ሰው መሆኑን ልብ በሉልን። ይህን ያስተዋለ ፊልም ሠሪ ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የወንጀል ፊልምን መልክ ከሰጡት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ስደተኞች እንደ ነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን? ፍሪትስ ላንግ በ1931 ‹‹ኤም›› የተባለውን ዝነኛ ፊልም በርሊን ላይ ሠርቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከጀርመን ወጣ። (በዚህ ፊልም ውስጥ ፖሊስ ያጣውን ነፍሰ ገዳይ ሌቦችና ለማኞች ተሰብስበው ይፈልጉታል፤ አውጫጭኝ ማለት ይህ ነው።) ቢሊ ዋይልደርና ሮበርት ሲዮድማክም በ1933 ከበርሊን ወደ ፓሪስ ሸሽተው ኋላ አሜሪካ ገቡ። ዋይልደር በ1944 ‹‹ድርብ ካሣ››ን፣ ሲዮድማክ በ1946 ‹‹ገዳዮቹ››ን ሠሩ። እነዚህ ፊልሞች ስለ ስደት አንድም ቃል አይናገሩም። ሆኖም በመስኮት መጋረጃ ተሰነጣጥቆ የሚገባው ብርሃን፣ በደረጃ ላይ የሚሰማው የእግር ኮቴ፣ በማንም አለመታመን፣ ይህ ሁሉ አገሩን በሌሊት የለቀቀ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

ስደተኛውን በግልጥ ወደ ፊት ያመጣው ‹‹ካሳብላንካ›› ነው። ይህ ፊልም በኖቬምበር 1942 ኒው ዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ብዙ ሰው የፍቅር ፊልም ይለዋል፤ ታሪኩ የሚጀምረው ግን በግድያ ነው። ሁለት የጀርመን መልእክተኞች ይገደሉና የያዙት ሁለት የይለፍ ወረቀት ይሰረቃል። ወረቀቱ በእጁ የገባ ሰው ማንም ሳያግደው ወደ ሊዝበን፣ ከሊዝበንም ወደ አሜሪካ ይሻገራል። ፖሊሱም ይፈልገዋል፣ ስደተኛውም ይፈልገዋል፤ ሃምፍሬ ቦጋርት የሚጫወተው የቡና ቤቱ ጌታ ሪክ ግን በፒያኖ ውስጥ ደብቆታል። እንዲህ ያለ ታላቅ ኀይል ያለው የይለፍ ወረቀት በእውነተኛው ዓለም አልነበረም፤ ደራሲዎቹ የፈጠሩት ነው። ይህን እንደ ጕድለት አንቈጥረውም፤ ስደተኛ ሁሉ በሕልሙ የሚያየው ወረቀት ስለ ሆነ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ የሚመስለን አንድ ትንሽ ክፍል አለ። ከቡልጋሪያ የመጡ ሁለት አዲስ ሙሽሮች የመውጫ ቪዛ ይፈልጋሉ፤ ገንዘብ የላቸውም። የፖሊሱ አዛዥ ደግሞ ገንዘብ ከሌላት ወጣት ሴት የሚቀበለው ዋጋ የታወቀ ነው። ሙሽራይቱ ወደ ሪክ ቀርባ፣ አንዲት ሴት ባሏን ለማዳን ስትል ክፉ ነገር ብታደርግና ቢሰወርለት ይቅር ይባልላት እንደ ሆነ በተዘዋዋሪ ትጠይቀዋለች። ሪክ በቁጣ ይመልስላታል። ወዲያውም ባልየው ተስፋ ቈርጦ ወደሚጫወትበት የቁማር ጠረጴዛ ሄዶ በ22 ቍጥር ላይ እንዲያስይዝ ይነግረዋል፤ ኳሷ 22 ላይ ትቆማለች፤ ገንዘቡን ሳያነሣ እንዲደግም ያዘዋል፤ አሁንም 22 ላይ ትቆማለች። ከዚያ በኋላ ገንዘብህን ተቀብለህ ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ ይለዋል። አንድም የርኅራኄ ቃል አልተነገረም። ሁሉም ሰው ስለሚያደንቀው የአውሮፕላን ጣቢያ መሰነባበት ብንጠየቅ፣ እኛ ይህን እንመርጣለን።

የዚህ ፊልም ሌላው ምስጢር በተጫዋቾቹ ላይ ነው። የጀርመኑን ሻለቃ የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት በ1933 ከይሁዲ ሚስቱ ጋር ከጀርመን የወጣ ሰው ነበር፤ የሸሸውን ሰው መልክ ለብሶ በመጫወት እንጀራውን በላ። የቁማር ጠረጴዛውን ኳስ የሚያሽከረክረው ማርሴል ዳሊዮና ሚስቱ ማድሌን ለቦ በ1940 ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ ሸሽተው ሊዝበን ደረሱ፤ ከዚያም በቺሌ ቪዛ በመርከብ ተሳፈሩ፤ ሜክሲኮ ሲደርሱ ቪዛው ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘና በካናዳ ጊዜያዊ ፓስፖርት አሜሪካ ገቡ። በቡና ቤቱ ውስጥ የጀርመን መኰንኖች ሲዘምሩ ሕዝቡ ተነሥቶ የፈረንሳይን መዝሙር ሲዘምርባቸው፣ እንባዋ በጕንጯ ላይ ሲወርድ የምናያት ወጣት ይህችው ማድሌን ለቦ ናት። የሚያስገርመው፣ ከስደተኞቹ ሁሉ ልመናዋ ልብ የሚነካው የቡልጋሪያዋ ሙሽራ፣ በፊልሙ ላይ ስማቸው ከተጻፈ ተጫዋቾች መካከል አሜሪካ ከተወለዱት ጥቂቶች አንዷ መሆኗ ነው።

‹‹ሦስተኛው ሰው›› በ1949 የወጣ የእንግሊዝ ፊልም ነው፤ ድርሰቱ የግርሃም ግሪን፣ ዝግጅቱ የካሮል ሪድ ነው። ቪየና በአራት መንግሥታት ተከፋፍላ በምትገዛበት ጊዜ፣ ሃሪ ላይም የተባለ ሰው የተበረዘ ፔኒሲሊን እየሸጠ ሕፃናትን ያስጨርሳል። ተመልካቹ ዐይኑን በሃሪ ላይ ስለሚጥል አና የተባለችውን ሴት እምብዛም አያስተውላትም። አና የቼኮዝሎቫኪያ ተወላጅ ናት፤ ኦስትሪያዊት የሚያሰኛት ፓስፖርት ሐሰተኛ ነው፤ ያሠራላትም ያው ሃሪ ነው። ነገሩ የታወቀ እንደ ሆነ ሩሲያውያን ይወስዷታል። ሃሪ ደግሞ በሩሲያ ክፍል ተሸሽጎ ለመኖር ሲል አሳልፎ የሚሰጠው እርሷኑ ነው። የእንግሊዙ መኰንን፣ የሃሪ ወዳጅ ሃሪን የሚያስይዝ ከሆነ አናን በባቡር ከቪየና ላወጣት እችላለሁ ይላል። ዋጋውን ባወቀች ጊዜ ግን አና ባቡሩን ትታ ትወርዳለች። ክፉ ሰው ነውና ይያዝ የሚለው ተመልካች ይቈጣታል፤ እኛ ግን በፊልሙ ውስጥ ለሽያጭ ያልቀረበች አንዲት ሰው እርሷ ብቻ ናት እንላለን።

በ2018 ክርስቲያን ፔትዞልድ የተባለው ጀርመናዊ ‹‹ትራንዚት››ን ሠራ። ታሪኩን የወሰደው አና ዜገርስ በ1944 ካሳተመችው ልብ ወለድ ነው። ዜገርስ ራሷ በ1941 ከማርሴይ በመርከብ ወጥታ ወደ ሜክሲኮ የተሰደደች ናት። በፊልሙ ውስጥ ጌኦርግ የተባለ ወጣት የሞተውን ደራሲ ወረቀቶች ይዞ ቆንስላ ሲገባ፣ ቆንሲሉ ደራሲው ነው ብሎ ይሳሳታል፤ እርሱም ዝም ይላል። የሟቹ ሚስት በበኩሏ ባሏን በከተማው ውስጥ ስትፈልግ ትውላለች፤ ይህ ሰው ዛሬ እዚህ ነበር፣ ቆንስላ ታይቷል ይሏታል፤ የምትከተለው ግን የጌኦርግን ዱካ ነው። መርማሪና ተመርማሪ እንዲህ ሲደባለቁ አላየንም። ፔትዞልድ ይህን ሁሉ ያሳየው በዛሬይቱ ማርሴይ፣ በዛሬ አውቶሞቢልና በዛሬ ፖሊሶች መካከል ነው። መጀመሪያ ግር ይላል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን የትኛው ዘመን እንደ ሆነ መጠየቅ ይቀራል። በማርሴይ ለመቀመጥ የሚፈቀድለት ለመሄድ መዘጋጀቱን ያስመሰከረ ሰው ብቻ ነው የሚለውን ሕግ ስትሰሙ ከሣቃችሁ፣ ፊልም ሠሪው የፈለገውን አግኝቷል።

ከሁሉ አብልጠን የምናመሰግነው ግን በ2002 ለንደን ላይ የተሠራውን የስቲቭን ፍሪርስን ፊልም ነው፤ ስሙ ‹‹ቆሻሻና ውብ ነገሮች›› እንደ ማለት ነው። ኦክዌ የተባለው ናይጄሪያዊ በአገሩ ሐኪም ነበር፤ ለንደን ውስጥ ቀን ታክሲ ይነዳል፣ ሌሊት በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ላይ ይሠራል፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይቅማል። አንድ ሌሊት የአንዱ ክፍል መጸዳጃ ተደፍኖ እጁን ቢሰድ የሰው ልብ ያወጣል። ሐኪም ነውና የምን እንደ ሆነ አይጠፋውም።

አሁን በሌላ ፊልም ቢሆን ፖሊስ ይጠራል፤ ምርመራው ይጀመራል። እዚህ ግን የሆቴሉ ሹም ራሱ ለፖሊስ ደውሎ መነጋገሪያውን ለኦክዌ ያቀብለዋል። ከወዲያ ያለው ድምፅ ስምህ ማን ይባላል ሲለው ኦክዌ መነጋገሪያውን ይዘጋል። የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። ሹሙ ይህን ስለሚያውቅ ነው ያን ያህል ደፋር የሆነው። አንድ ሰው ወንጀል አይቶ፣ ሙያው መስካሪ አድርጎት፣ ስሙን መናገር ባለመቻሉ ብቻ ምስክርነቱ ከንቱ ሲሆን በዚህች አንዲት ደቂቃ ውስጥ ይታያል። ስለ ስደተኛ የተጻፈ ረጅም መጽሐፍ ከዚህ አብልጦ ያስረዳ እንደ ሆነ እንጠራጠራለን።

ኦክዌ መጠየቁን ግን አይተውም። ቀስ በቀስ እንደሚደርስበት፣ በሆቴሉ ክፍል ውስጥ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ኵላሊታቸውን እየሰጡ ሐሰተኛ ፓስፖርት ይቀበላሉ። ቁስሉ ያመረቀዘ አንድ ሶማሌ ተኝቶ ሳለ ሐኪሙ ምን አገኘው ብሎ ሲጠይቅ፣ የምታስተረጕም ትንሽ ልጅ አሁን እንግሊዛዊ እንደ ሆነ ትነግረዋለች። አብራው የምትኖረው ሴናይ የተባለች ቱርካዊት ጥገኝነት ጠያቂ ናት፤ ሥራ መሥራት ስለ ተከለከለች ሠርታ በተገኘች ቍጥር ትሸሻለች፤ በሸሸችም ቍጥር የሚያሠራት ሰው የሚጠይቃት ዋጋ ይጨምራል። በመጨረሻ እርሷም ኵላሊቷን ለመስጠት ትስማማለች፤ ቀዶ ጥገናውንም ኦክዌ እንዲያደርግ ሹሙ ይወተውተዋል። እሺ ይላል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብንነግራችሁ ፊልሙን እንደ መስረቅ ይቈጠራል፤ ነገር ግን ዕቃውን ሊረከብ የመጣው እንግሊዛዊ እናንተን ከዚህ በፊት አላየሁም ሲል፣ ኦክዌ የሰጠውን መልስ በጥሞና አዳምጡ። ታክሲያችሁን የምንነዳ፣ አልጋችሁን የምናነጥፍ ሰዎች ነንና አታዩንም የሚል ነው።

ይህን ፊልም የምናስበልጥበት ምክንያት ቀላል ነው። በ‹‹ካሳብላንካ›› ውስጥ ስደተኛው ይለምናል፤ የሚያድነው አሜሪካዊው ነው። በ‹‹ሦስተኛው ሰው›› ውስጥ ሌሎች በእርሷ ዕድል ይደራደራሉ። ኦክዌ ግን መርማሪው ራሱ ነው። የሚያየው፣ የሚያመዛዝነው፣ የሚፈርደውም እርሱ ነው፤ ተመልካቹም ሳያውቀው ለሁለት ሰዓት ያህል ዓለምን በዚያ ሰው ዐይን ያያል።

የፈረንሳዩ ዣክ ኦዲያር በ2015 በካን ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘበት ‹‹ዲፓን›› ከስሪላንካ ጦርነት በሞቱ ሰዎች ፓስፖርት የሸሹ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ ባልና ሚስትና ልጅ መስለው ሲኖሩ ያሳያል። ዋናው ተጫዋች አንቶኒታሳን ጄሱታሳን ራሱ በልጅነቱ ከታሚል ተዋጊዎች ጋር የነበረና ፈረንሳይ የተሰደደ ደራሲ ነው። ግማሹ እጅግ መልካም ነው፤ በመጨረሻ ተኵስ ሲበዛበት ግን ስደተኛው ጠፍቶ ተራ የተኵስ ጀግና ይቀራል። የቤልጅጎቹ ወንድማማቾች የዳርዴን ‹‹ቶሪና ሎኪታ›› (2022) ከዚህ ይልቅ የተቈጠበ ነው፤ እኅትና ወንድም ነን ከሚሉት ሁለት አፍሪካውያን ልጆች ሎኪታ የምትጠየቅበት መጀመሪያው ክፍል፣ ከላይ ስለ ጠያቂው ጠረጴዛ የተናገርነውን ያለ ሐተታ ያሳያል።

ወደ እኛ የሚቀርበውን ለመጨረሻ አቈይተነዋል። በ2019 ጊዲዮን ራፍ ያዘጋጀው ‹‹የቀይ ባሕር ጠላቂዎች ማረፊያ›› የተባለው የስለላ ፊልም ስለ ቤተ እስራኤል ስደት ነው። ታሪኩ መሠረት አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ በሱዳን ጠረፍ አሩስ በተባለ ስፍራ የቱሪስቶች መዝናኛ ከፍቶ፣ ቀን ጎብኝዎችን እያስተናገደ ሌሊት ስደተኞችን በመርከብና በአውሮፕላን ያወጣ ነበር። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃኑዋሪ 1985 ደግሞ በሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰዎች ከሱዳን ተወሰዱ። ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ወደ ሱዳን ከወረዱት መካከል በመንገድና በሰፈር የሞቱት ግን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል።

በዚህ ጕዳይ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ለመሥራት ምንም የሚጐድል ነገር የለም። የሱዳን ፖሊስ የሚፈልገው ሰው አለ፤ የሚደበቅ ሃይማኖት አለ፤ በሰፈሩ ውስጥ ማን ወዳጅ ማን ጠቋሚ እንደ ሆነ አይታወቅም። ፊልሙ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ክሪስ ኤቫንስ የሚጫወተውን ሰላይ ገድል ይተርካል። ሐበሾቹ በካሚዮን ላይ ተጭነው ሌሊት ያልፋሉ፤ ፊታቸው በጨለማ ይታያል፤ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ስም ያለው አንድ ከበደ የተባለ ሰው ነው፤ እርሱም ለሰላዩ ረዳት ሆኖ ይቆማል።

ይህ ከበደ የተቀዳው ፈረደ አክሉም ከተባለው እውነተኛ ሰው ነው። ፈረደ መምህር ነበር። በ1979 በፖሊስ ሲፈለግ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ካርቱም ገባና እርዳታ እንዲደረግለት ወደ ውጭ አገር መልእክት ላከ። መልእክቱ ሞሳድ እጅ ሲደርስ አንድ ሰላይ ተልኮ፣ በስደተኛ በተሞላው ከተማ ውስጥ ፈረደን ፈልጎ አገኘው። በሱዳን ምድር የሌሎቹን ዱካ እየተከታተለ ሰፈር ለሰፈር የሄደው፣ ቋንቋውን የሚያውቀው፣ ማን ማን እንደ ሆነ የሚለየው ፈረደ ነበር። ፊልሙ ከካርቱምና ከዚያ መልእክት ሊጀምር ይችል ነበር፤ የጀመረው ግን ከሰላዩ ነው።